ቁራሽ መሬት፣ ረጅም ደንብ፦ የጀርመን አትክልተኞች ማኅበራት ታሪክ

ዶክተር ሞሪትስ ሽሬበር በሕይወት ዘመኑ አንድም የማኅበር አትክልት ቦታ አላቋቋመም። በላይፕዚግ ከተማ የታወቀ የአጥንትና የአካል አቋም ሐኪም ነበር። ልጆች ሲቀመጡ እንዳይጎብጡ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ፈልስፏል፤ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ በ1855 ያሳተመው መጽሐፍ ተደጋግሞ ታትሟል፤ ለወላጆች የሰጠው የልጅ አስተዳደግ ምክር ግን ዛሬ ሲነበብ በጥብቅነቱ ያስደነግጣል። በ1861 ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ዳንኤል ፓውል ዳኛ ሆኖ ሳለ አእምሮው ታወከ፤ ስለ ሕመሙ የጻፈውን ማስታወሻ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1911 ስለተነተነው የሽሬበር ስም በአእምሮ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ቀረ። አባትየው ደግሞ የማያውቀውን ዝና አተረፈ። ዛሬ በጀርመን ከተሞች ዳር፣ ከባቡር ሐዲድ ጎን፣ በአጥር ተከፋፍሎ በየክፍሉ አንዳንድ ትንሽ ጎጆ የቆመበትን አትክልት ቦታ ሕዝቡ «ሽሬበርጋርተን» ይለዋል።

ስሙን ያወጣው ሌላ ሰው ነው። ኤርንስት ኢኖሰንስ ሃውሺልት የተባለ የላይፕዚግ ርእሰ መምህር በ1864 የተማሪዎቹን ወላጆች ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ጉዳይ ጎመንም ድንችም አልነበረም። ወላጆችና መምህራን ስለ ልጆች የሚመካከሩበት፣ ፋብሪካ በበዛባትና ሕዝቧ በተጨናነቀ ከተማ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ እንዲያገኙ የሚጥሩበት ስብስብ ነበር። ሃውሺልት «የትምህርት ቤት ማኅበር» የሚለው ዓይነት ስም ስላልጣመው ከሦስት ዓመት በፊት ለሞተው ሐኪም መታሰቢያ እንዲሆን «የሽሬበር ማኅበር» አለው። በ1865 የመጫወቻው ሜዳ ተከፈተ። ሃውሺልትም በዓመቱ ሞተ።

ከዚያ ጌዘል የሚባል መምህር መጣ። በ1868 በሜዳው ዙሪያ ለልጆች ትናንሽ መደቦች አዘጋጀ፤ እየዘሩ፣ እየኮተኮቱ፣ ያበቀሉትን እያዩ እንዲማሩ ነው። ልጆቹ ዘሩ፤ ውሃ አጠጡ፤ ከዚያ ኳሱ አሸነፈ። አረሙ መደቡን ሲውጠው አባቶችና እናቶች ጎንበስ ብለው መንቀል ጀመሩ። መጀመሪያ ለልጆቹ ሲሉ ነበር፤ ቆይቶ ለራሳቸው ሆነ። መደቡ ሰፋ፣ አጥር ገባለት፣ ከዝናብ መጠለያ የሚሆን ዳስ ተሠራ፣ እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ ቡና ይዞ ይወርድ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሜዳውን የቤተሰብ አትክልት ቦታዎች ከበቡት፤ ማኅበሩም ለእነዚህ ቦታዎች ደንብ ጻፈ። ከመሥራቾቹ ማንም ያላሰበው ነገር ነው።

ይህን አጋጣሚ ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በላይፕዚግ ማኅበሩ ከአትክልቱ ቀድሞ ተወለደ። ስብሰባው፣ መዋጮው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የተመረጠው ሊቀመንበር ሁሉም ነበሩ፤ ካሮቱ በኋላ መጣ። በእኔ ግምት ይህ ተቋም ሁለት የዓለም ጦርነቶችን፣ አንድ አምባገነን፣ አንድ የአገር መከፈልና የከተማ መሬት ዋጋ ንረትን ያለፈበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ከአባላቱ አንዱም የመሬቱ ባለቤት አይደለም። ያላቸው ውል ነው፤ ውሉን የሚያስከብርላቸውም ማኅበሩ ነው።

ማኅበር የሌለበት አትክልት ቦታ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ታይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ጀርመን ለድኾች መሬት ተቆርሶ ይሰጥ ጀመር። የዚያ ዘመን ሹማምንት ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ድኻው ራሱ ድንቹን ካበቀለ የምጽዋቱ ሣጥን ይቀልላል፣ መጠጥ ቤት ከመዋልም ይድናል። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ላይፕዚግ ራሷ ከሽሬበር ማኅበር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድማ በ1832 ዮሐኒስታል የሚባለውን አትክልት ቦታ ከፍታ ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ። ለድኾች የተሰጡት መሬቶች ግን አብዛኞቹ ሰጪው ሲሰለች ወይም ከተማው ሲሰፋ ጠፉ።

የበርሊኑ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከተማዋ በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ሠራተኛ ከየገጠሩ ጎረፈባት። ሰዉ ፀሐይ በማይገባባቸው የኋላ ግቢዎች፣ በአንድ ክፍል ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ ይኖር ነበር። በከተማዋ ዳር ግን ገና ቤት ያልተሠራበት ሰፊ መሬት ነበር፤ ባለመሬቱ ዋጋ እስኪጨምርለት ይጠብቃል። እስከዚያው መሬቱ ባዶ እንዳይቀመጥ ለአንድ ጠቅላላ ተከራይ በጅምላ ይሰጠዋል። ይህ ሰው መሬቱን በገመድ ለክቶ ይቆራርጥና ለሠራተኛ ቤተሰቦች በችርቻሮ ያከራያል፤ ትርፉ በመካከል ያለው ነው። ብዙውን ጊዜ መጠጥ ሻጭ ስለሆነ በመሬቱ ላይ መጠጥ ቤት ይከፍታል፤ ተከራዩ ቢራውን ከእርሱ ካልገዛ የሚቀጥለው ዓመት ውል አይታደስለትም። ግንበኛ ሲመጣ ደግሞ የበቀለው ድንች ሳይወጣ ቦታውን ልቀቅ ይባላል። ሕዝቡ ግን ተተከለበት። ከተጣለ ሳንቃ፣ ከአሮጌ በርና መስኮት ጎጆ ሠራ፤ ጥንቸልና ዶሮ አረባ። በርሊናውያን እነዚህን ሰዎች «ላውበንፒፐር» ብለው ሰየሟቸው፤ ትርጉሙ በዳስ ውስጥ የሚያፏጭ ወፍ ያህል ነው፤ ስድብም ፍቅርም አለበት።

በ1901 ቀይ መስቀል በበርሊን ለሠራተኞች አትክልት ቦታ ማደል ሲጀምር በእነዚያ ቦታዎች ጠቅላላ ተከራዩ ከመካከል ወጣ። ከዚያ ይልቅ ግን ነገሩን የለወጠው ተከራዮቹ ራሳቸው መደራጀታቸው ነው። ሃያ ሠላሳ ቤተሰብ ሆነው ማኅበር ይመሠርቱና «ለጠቅላላ ተከራዩ የምትሰጠውን መሬት ለእኛ ስጠን፣ ኪራዩን እኛው ሰብስበን እንከፍልሃለን» ብለው ለባለመሬቱ ወይም ለከተማው አስተዳደር ያመለክታሉ። የመጠጥ ቤቱን ሥራ የማኅበሩ ቤት ወሰደው። ዛሬ በየአትክልት ቦታው መግቢያ ላይ የሚታየው የማኅበር ቤት፣ ቢራ ያለበት ጠረጴዛና የካርታ ጨዋታ፣ ዘሩ ከዚያ ትግል ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከ1916 ወደ 1917 የተሻገረው ክረምት በጀርመኖች ዘንድ የሩታባጋ ክረምት ተብሎ ይታወቃል፤ ድንች ጠፍቶ ሕዝቡ ለከብት ይሰጥ የነበረውን ሥር በላ። በዚያ ጊዜ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር የድንች መሬት ያለው ቤተሰብና የሌለው ቤተሰብ እኩል አልተራቡም። ጦርነቱ ሲያበቃ አዲሱ የሪፐብሊክ መንግሥት ሐምሌ 31 ቀን 1919 አንድ ሕግ አወጣ። ኪራይ እንደልብ እንዳይጨመር ገደበ፤ ተከራይ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረር ከለከለ፤ ለትርፍ የሚሠራውን ጠቅላላ ተከራይ ከመካከል አስወጣ። የዚህን ተቋም ታሪክ በአንድ ቀን አሳየኝ የሚለኝ ቢኖር ይህን ቀን እመርጣለሁ። በ1921 ማኅበራቱ በብሬመን ተሰብስበው አገር አቀፍ ኅብረት መሠረቱ፤ በ1926 ደግሞ የአውሮፓ አትክልተኞች ማኅበራት በሉክሰምበርግ ዓለም አቀፍ ቢሮ አቋቋሙ። በፈረንሳይ ለሚር የተባሉ ቄስ በ1896 የጀመሩት የሠራተኞች አትክልት ቦታ እንቅስቃሴም በዚህ ኅብረት ውስጥ አለበት።

ፖለቲካ ከአጥሩ ውጭ አልቀረም። ሠራተኛው በብዛት ያለበት ቦታ ስለሆነ የግራ ክንፍ ፓርቲዎች ደጋፊ በአትክልት ቦታዎቹ ይበዛ ነበር። ጥር 19 ቀን 1932 ሌሊት የናዚ ሚሊሻዎች በበርሊን ፌልዘንኤክ የሚባለውን የጎጆ ሰፈር ወረሩ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በዓመቱ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኅብረቱን በራሳቸው ድርጅት ሥር አዋሉት፤ የተመረጡ መሪዎች ወርደው የተሾሙ ተተኩ፤ አይሁዳውያን አባላት ተባረሩ። ማኅበራቱ ይህን ሲቀበሉ ብዙ ጩኸት አልተሰማም፤ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ይህንንም ማለፍ የለበትም። የደንብ አክባሪነት ጠንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ደንቡን የሚጽፈው ሲለወጥ አክባሪው አብሮ ይለወጣል።

ሆኖም በዚያው አጥር ውስጥ ሌላ ታሪክም ተሠራ። በ1925 የተወለደው ሐንስ ሮዘንታል አይሁዳዊ ወጣት ነበር፤ ከ1943 ጀምሮ በርሊን ሊሽተንበርግ ውስጥ «ድራይአይኒሽካይት» በተባለ አትክልት ቦታ በአንዲት ጎጆ ተሸሸገ። ኢዳ ያውህ የተባሉ ሴት ያላቸውን አካፍለው አኖሩት፤ እሳቸው ሲሞቱ ማሪያ ሼነቤክ የተባሉ ሌላ አትክልተኛ ወሰዱት። ጦርነቱ እስኪያልቅ ኖረ። የአትክልቱ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሥላሴ» መሆኑን ማንሳት ያጓጓል፤ ግን ያዳኑት ሴቶቹ ናቸው። ሮዘንታል በኋላ በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን እጅግ ተወዳጅ የጨዋታ አቅራቢ ሆነ፤ ሰዉ ሐሙስ ማታ የሚስቅበት ሰው ሁለት ዓመት በጎጆ ውስጥ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የኖረ መሆኑን ብዙ ቆይቶ ነው የሰማው።

ከተሞቹ በቦምብ ሲወድሙ ጎጆዎቹ ቤት ሆኑ። በብሬመን ከንቲባው ቪልሄልም ካይዘን ቤት አልባው ሕዝብ በአትክልት ቦታው ላይ እንዲኖር ስለፈቀዱ ቤቶቹ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ለጊዜው የተባለው መኖር አሥርት ዓመታት ወሰደ፤ ሕጉም ቆይቶ «በጎጆው ውስጥ ዘወትር መኖር ክልክል ነው» ብሎ የደነገገው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው።

ጀርመን ለሁለት ስትከፈል አትክልቱም ሁለት መንገድ ያዘ። በምሥራቁ የሶሻሊስት መንግሥት መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር ያየው፤ የራሴ አጥር፣ የራሴ ፖም የሚል ሰው ለኅብረተሰባዊነት አይመችም በሚል። በ1959 ግን የአትክልተኞች፣ የሰፋሪዎችና የትናንሽ እንስሳት አርቢዎች ኅብረት ተቋቋመ፤ ሱቁ ውስጥ ፍራፍሬ ሲጠፋ ደግሞ መንግሥት ራሱ ወዳጅ ሆነ። የአትክልተኛውን ትርፍ ምርት የሚገዛበት ዋጋ በሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጥ ስለነበር ፖሙን በጓሮ በር ሸጦ በፊት በር መልሶ የሚገዛው ሰው ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኅብረቱ አባላት ወደ 1.5 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ሰው ከፓርቲ ስብሰባ የሚያርፍበት፣ ጎረቤት የሚሰማውን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራበት ቦታ መሆኑን ባለሥልጣኖቹም አያጡትም።

በምዕራቡ ነገሩ በፍርድ ቤት ተጎተተ። የ1919ኙ የኪራይ ገደብ ቆይቶ የባለመሬቱን መብት የሚጋፋ ሆነ ተብሎ ተከሰሰ፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1979 ለባለመሬቶቹ ጆሮ ሰጠ። ውጤቱ ከሚያዝያ 1 ቀን 1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ ነው። ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጎጆው ከነበረንዳው ቢበዛ 24 ካሬ ሜትር ነው፤ ቀላል አሠራር ይኑረው፤ ለመኖሪያ አይመች። ኪራዩ በአካባቢው ለንግድ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያመርት ገበሬ ከሚከፍለው ጋር ተሰልቶ ይወሰናል። መጀመሪያ ጣሪያው የዚያ ዕጥፍ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ1992 «ይህ ለባለመሬቱ በጣም ያንሳል» ስላለ በ1994 አራት ዕጥፍ ሆነ። አራት ዕጥፉም ቢሆን ከተማ ውስጥ የዚያን ያህል መሬት በሌላ መንገድ አይገኝበትም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ካሮት ነው። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2004 አንድ አትክልት ቦታ በዚህ ሕግ ለመጠበቅ ከፈለገ በጥቅሉ ሲታይ ሲሶው ፍራፍሬና አትክልት የሚመረትበት መሆን አለበት አለ። ሣሩን አጭዶ፣ ወንበር ዘርግቶ፣ መዋኛ ገንዳ ነፍቶ ብቻ መዋል አይቻልም። ሁሉም ሣር ካደረገው ቦታው የመዝናኛ ግቢ ነው፤ የመዝናኛ ግቢ ደግሞ ኪራዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ሊቀመንበሩ በበጋ ወረቀት ይዞ በየአጥሩ እየዞረ ድንችህ የታለ ብሎ ሲጠይቅ የሚያስቀው ጥያቄ የሁሉንም ኪራይ የያዘ ነው። የአንዱ ስንፍና ለሌላው ይተርፋል።

እድር ያለበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀብር የቀረ፣ ድንኳን ያልተከለ፣ መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ስሙ ሲነበብ ያለው ሐፍረት ግን ትልቅ ነው። በአትክልት ማኅበርም አባል ሁሉ በዓመት የተወሰነ ሰዓት የጋራ ሥራ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጋራው መንገድ ይጠረጋል፣ የዋናው አጥር ይቆረጣል፣ የፈሰሰ ቧንቧ ይጠገናል። የቀረ በሰዓት ተሰልቶ ይከፍላል። አዛውንቶቹ ከባዱን አካፋ ለወጣቱ ሰጥተው እነሱ መቀስ ይይዛሉ፤ በዕረፍት ሰዓት ዳቦና ቋሊማ ይቀርባል። የአዲሱ አባል ጠባይ የሚታወቀው በጎመኑ ሳይሆን በዚህ ቅዳሜ ነው።

የአትክልተኛው ዓመት የሚጀምረው ውሃው ሲከፈት ነው። ክረምቱን ቧንቧው እንዳይሰነጠቅ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ውርጩ ሲያልፍ፣ በሚያዝያ ገደማ፣ ኃላፊው ዋናውን መክፈቻ ይለቅና አባላት በየቆጣሪያቸው ፊት ቆመው ይጠብቃሉ፤ በየዓመቱ የአንዱ ቧንቧ ይፈነዳል። ከዚያ በፊት፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ፣ የማኅበሩ የእርሻ አማካሪ ፖምና ፕለም እንዴት እንደሚገረዙ ያስተምራል። በዚህ ትምህርት ላይ ከአማካሪው ይልቅ የሚናገሩት ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ አገራረዝ አለው፤ የሌላው ስሕተት ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ «የበረዶ ቅዱሳን» የሚባሉት ቀናት እስኪያልፉ ቲማቲም ከቤት አይወጣም፤ ቸኩሎ ያወጣና በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው በየማኅበሩ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው የጎረቤትነቱ ነገር የሚመጣው። በመስኮት ላይ ሃምሳ ችግኝ አብቅሎ አሥር ብቻ የሚተክልበት ቦታ ያለው ሰው አርባውን በሣጥን አድርጎ በአጥሩ ላይ ያስቀምጣል። ሐምሌ ላይ ዝኩኒ ሲወርድ የሚቀበል ይጠፋል፤ ሁሉም ይሰጣል፣ ማንም አይወስድም። አንዱ ለዕረፍት ሲሄድ ሌላው ያጠጣለታል፤ የበሰለው እንጆሪ የአጠጪው ነው፤ ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ስለ ቀንድ አውጣ መድኃኒት የሚደረገው ክርክር ማለቂያ የለውም። ቢራ በሳሕን አድርጎ መቅበር ይሻላል የሚሉና ሌሊት በባትሪ መልቀም ይሻላል የሚሉ ሰዎች ለዓመታት አይስማሙም።

የተጻፈው ደንብ ደግሞ ረጅም ነው። በብዙ ማኅበራት ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ጸጥታ ነው፤ የሣር ማጨጃ አይነሣም። ወደ መንገዱ ያለው የቁጥቋጦ አጥር ከደረት በላይ እንዲያድግ አይፈቀድም፤ መንገደኛ ውስጡን ማየት ይችል ዘንድ ነው፤ ቦታው የሕዝብ አረንጓዴ ስፍራም ስለሆነ። ጥድና የዋልነት ዛፍ መትከል ክልክል ነው፤ ጥላቸውና ሥራቸው የጎረቤቱን መደብ ይወስዳል። ባለ ቀይ ቆቡ የሸክላ ድንክ ግን አልተከለከለም። በመጽሔትና በፊልም የሚሾፍበት ይህ ነው፤ በሜትር የሚዞር ሊቀመንበር፣ ስለ አምስት ሳንቲ ሜትር ቅርንጫፍ የተጻፈ ደብዳቤ። ሹፈቱ እውነት አለው። ጠባብ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ በአትክልት ቦታም ጠባብ ነው። ነገር ግን ሦስት መቶ ቤተሰብ በቅጠልና በሽቦ ብቻ ተለያይቶ ስንት አሥርት ዓመታት ሳይካሰስ የኖረው ያለ ሜትር አይመስለኝም።

ከሁሉም ደንብ የሚገርመኝ የርክክቡ ነው። አባል ሲያረጅ ወይም ከተማ ሲለቅ ቦታውን መሸጥ አይችልም። የማኅበሩ ገማቾች መጥተው ጎጆውን፣ እያንዳንዱን የፍራፍሬ ዛፍ፣ ቁጥቋጦውን፣ የተነጠፈውን መንገድ በተወሰነ ቀመር ይገምታሉ። አዲሱ ተከራይ የሚከፍለው ያን ያህል ነው። ተራውን የሚወስነው በመዝገብ ላይ ያለው ቅደም ተከተል እንጂ ከረጢት አይደለም። ከተፈቀደው በላይ የተሠራ ቤት ካለ ተሰናባቹ ራሱ አፍርሶ ይሄዳል። ሐኪሙና አውቶቡስ ነጂው ጎን ለጎን የሚቆፍሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ተጨማሪ ገንዘብ የሚቀባበሉ የሉም ማለት ግን አይደለም፤ በትልልቅ ከተሞች ወረፋው ዓመታት ስለሚወስድ ፈተናው አለ።

ለውጭ አገር ሰው በሩ ሁልጊዜ በእኩል አልተከፈተም። አንዳንድ ማኅበራት ለስደተኛ ቤተሰቦች ኮታ ለማበጀት ሞክረው ብዙ ተወቅሰውበታል። የኢትዮጵያዊ እጅ ያለበት ታሪክ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጎቲንገን ከተማ ከቦስኒያ ጦርነት የሸሹ ሴቶች ተሰብስበው ሻይ በሚጠጡበት ቤት «ከሁሉ የሚናፍቃችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ተጠየቁ። «አትክልታችን» አሉ። በ1996 መሬት ተገኘና የመጀመሪያው «ዓለም አቀፍ አትክልት ቦታ» ተጀመረ። ከመሥራቾቹና ለዓመታት ሥራውን ከመሩት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የግብርና መሐንዲስ አቶ ጣሰው ሽመልስ ናቸው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቤተሰቦች ከጀርመኖች ጋር ጎን ለጎን ቆፈሩ፤ የአገራቸውን ዘር ዘሩ፤ ጀርመንኛውንም ከክፍል ይልቅ በመደቡ ላይ ተማሩት። ክሪስታ ሙለር የተባሉት የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ በ2002 ስለዚሁ አትክልት መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ ሐሳቡ በመላው ጀርመን ተዛመተ። በእኔ አስተያየት ከሽሬበር ወዲህ በዚህ ተቋም ላይ የታየ ትልቁ አዲስ ነገር ይህ ነው፤ ደግሞም ልክ እንደ ላይፕዚጉ ሰዎቹ አስቀድመው ተሰባስበው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ መሬቱ በኋላ ነው የመጣው።

ወጣቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ሞክረዋል። በርሊን ሞሪትስፕላትስ ላይ በ2009 የተከፈተው የልዕልቶች አትክልት በሣጥንና በጆንያ የተተከለ፣ አጥር የሌለው፣ የማንም ቁራሽ የማይለይበት ነው። ብዙ ሰው ወደደው። መሬቱ ግን የከተማው ነበርና ሊሸጥ ሲል ዘመቻ አስፈለገ፤ ከዓመታት በኋላም ከሥራው ከፊሉ ወደ ሌላ ሰፈር የመቃብር ስፍራ ተዛወረ። በሣጥን የተተከለ ለመነሣት የተዘጋጀ ነው። በ1983ቱ ሕግ የተጠለለው ባለ ድንኩ አትክልተኛ ሲነሣ ካሣ ይከፈለዋል፤ ብዙ ጊዜም ምትክ መሬት ይሰጠዋል።

እርሱም ቢሆን አልተማመነም። በርሊን ወደ 70 ሺህ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሏት፤ በአገሪቱ በጠቅላላ ወደ 900 ሺህ፣ ማኅበራቱም ከ13 ሺህ በላይ ናቸው። የቤት ኪራይ ሰማይ በነካበት ከተማ ይህን ያህል መሬት ለድንችና ለጽጌረዳ መተው ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በየምርጫው ይነሣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቤት የሌለው ሰውም ሰው ነው። ለአውራ ጎዳናና ለመኖሪያ ቤት የተነሡ አትክልት ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም በአንድ ቦታ ላይ ያሉ ሦስት መቶ ቤተሰቦች ሊቀመንበር፣ ጠበቃና የድምፅ መስጫ ካርድ እንዳላቸው የከተማ ምክር ቤት አባል ሁሉ ያውቃል።

ላይፕዚግ የሚያልፍ አንባቢ በአኸነር ጎዳና ላይ የሽሬበር ማኅበር ቤት አሁንም ቆሞ ያገኘዋል፤ ከ1996 ጀምሮ የአትክልተኞች ሙዚየም አለበት፤ ዙሪያውን ያሉት ቦታዎች ዛሬም ተከራይ አላቸው። ጀርመን ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ቃል፦ ቦታው እንደ ሀብት አይጠየቅም፣ ወረፋውም ረጅም ነውና ስማችሁን ልጆቹ ሳያድጉ አስመዝግቡ። ተራችሁ ሲደርስ የጋራ ሥራው ቅዳሜ አትቅሩ። ሲሶውን ደግሞ ጎመን አድርጉት፤ የኛው ጎመን የዚያን አገር ብርድ ይችላል፣ ሊቀመንበሩም በወረቀቱ ላይ አትክልት ብሎ ይመዘግበዋል።